አራተኛው ቀዳዳ

እሑድ ጠዋት ጄኔራሉ ሸሚዙን ለብሶ የደረቱን አዝራር ሊቆልፍ ሲል እጁ እዚያው ቀረ። ይህ አዝራር ትናንት ወድቆ ነበር። አዝራሩን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ሸሚዙን ወንበር ላይ ጥሎት መተኛቱን በደንብ ያስታውሳል። አሁን አዝራሩ ቦታው ላይ ነው። ያስደነገጠው መሰፋቱ አልነበረም፤ አሰፋፉ ነው። አራት ቀዳዳ ያለው አዝራር የተሰፋው በሦስቱ ብቻ ነው። ክሩ ሦስት ማዕዘን ሠርቷል፣ ከሥሩ ሰባት ጊዜ ተጠምጥሟል፣ ቋጠሮው ከአዝራሩ ሆድ ሥር ገብቶ ተደብቋል። አራተኛው ቀዳዳ ባዶውን አፍጥጦ ያየዋል። ጄኔራሉ ሸሚዙን አወለቀ። ወደ መስኮቱ ሄዶ በአጉሊ መነጽር አየው፣ ጥምጥሙን ቆጠረ፣ ተሳስቼ ይሆናል ብሎ እንደገና ቆጠረ። ሰባት። ከዚያ ያ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰውዬ፣ በፒጃማ ሱሪና በካልሲ ብቻ፣ አልጋውና ቁም ሣጥኑ መሃል ባለችው ጠባብ ቦታ እንደ ፍየል ግልገል መዝለል ጀመረ።

ሰፈሩ ጄኔራል ይለዋል እንጂ የወታደር ካምፕ ደጅ ረግጦ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሊመዘገብ ሄዶ «እግርህ ጠፍጣፋ ነው» ተብሎ ተመልሷል፤ በዚያው ጠፍጣፋ እግሩ ሠላሳ ዓመት ከቤት ቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖረ። ቆጣሪ አንባቢ ደግሞ የማያየው ጓዳ የለም። በየትኛው ቤት የጦርነቱ ዘመን ጃኬት ከበር ጀርባ እንደተሰቀለ፣ የትኛዋ መበለት የባሏን ካፖርት የድንች ጆንያ መሸፈኛ እንዳደረገችው ያውቃል። እየለመነም፣ እየገዛም፣ አንዳንዴም በአዲስ ብርድ ልብስ እየለወጠ አርባ አንድ የወታደር ልብስ ሰበሰበ። መሰብሰቡ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ የየትኛው ክፍለ ጦር፣ የየትኛው ሻለቃ እንደነበረ ካላወቀ እህል አይወርድለትም። ኪስ ገልብጦ የደበዘዘ ማኅተም ይፈልጋል። እጅጌ ላይ ተነቅሎ የጠፋ ምልክት ካለ፣ ፀሐይ ያላነጣውን ጨርቅ በወረቀት እየነደፈ ምልክቱ ምን ይመስል እንደነበር ያወጣል። አዝራር የማን ፋብሪካ እንደሠራው ለማወቅ አንድ ጊዜ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዟል። ባለቤቱ ያን ጊዜ ለሰው የነገረችው ለቅሶ ሄደ ብላ ነው።

ከአርባ አንዱ ዘጠኙ ግን አሳበዱት። ዘጠኙም ላይ አንድ ወይ ሁለት አዝራር በሦስት ቀዳዳ ብቻ ተሰፍቷል፤ ያው ሦስት ማዕዘን፣ ያው ሰባት ጥምጥም፣ የአንድ እጅ ሥራ። ችግሩ፣ አምስቱ ጃኬቶች የወገን፣ አራቱ የጠላት ናቸው። እርስ በርሱ ሲታኮስ ለከረመ ሠራዊት አንድ ሰው እንዴት አዝራር ይሰፋል? ጄኔራሉ ይህን ሰው ሃምሳ አለቃ ብሎ ሾመው፣ ፂምም አበቀለለት፣ ተማርኮ ወገን የለወጠ የብርጌድ ልብስ ሰፊ ነው ብሎ አሥራ አራት ገጽ ጻፈ። እሑድ እሑድ ፀጉር ቤት የሚገናኙት እንደሱ ልብስ ሰብሳቢ ጓደኞቹ ጽሑፉን ሰምተው ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ሁለት ጊዜ ነው የተማረከው አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሰላይ ነበር ብሎ ድርቅ አለ፤ በዚህም ምክንያት ከአንድ ጡረተኛ ጋር ወር ሙሉ ተኳረፈ። ሃምሳ አለቃው እንዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈልጎ ጠፋ። ትናንት ማታ ግን እዚሁ ቤት መጥቶ የጄኔራሉን ሸሚዝ ሰፍቷል።

ባለቤቱ ወጥ ቤት ሆና ሻይ ትቀዳ ነበር። ኮቱን ደርቦ መጥቶ ሸሚዙን ማን ሰፋው አላት፣ ድምፁን የተራ ሰው ድምፅ ለማስመሰል እየታገለ። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። አክስቷ እንደሆኑ፣ ዛሬ ስለሚሄዱ ቤት ውስጥ የተቀደደና የወለቀ ሁሉ ሲሰፉ እንዳመሹ ነገረችው፤ ስምንት ሰዓት ላይ ወንድሟ በፒካፑ መጥቶ እንደሚወስዳቸውም አስታወሰችው። ያስታወሰችበት ቃና ከሻዩ ይልቅ ይፈጅ ነበር። ጄኔራሉ ስኳር ሦስት ማንኪያ ጨመረ፤ ስኳር ከተወ አምስት ዓመቱ ነው።

አክስት የሚሄዱት በእሱ ምክንያት ነው። እሱም ያውቀዋል፣ ባለቤቱም ታውቀዋለች፣ አክስትም ያውቁታል፤ ሦስቱም ግን አልተነጋገሩበትም። አሮጊቷ ልጅ የላቸውም። ዘመድ ቤት ተራ ወጥቶላቸው፣ እዚህ ሁለት ወር እዚያ ሦስት ወር ሲሉ፣ በመጨረሻ አንድ ሻንጣና አንድ የታጠፈ አልጋ ይዘው እዚህ ደረሱ። ትርፍ ክፍል የለም፤ ያለችው አንድ ክፍል የልብሶቹ ናት። በሯ ላይ «አይነካም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አልጋው በላስቲክ በተሸፈኑ አርባ አንድ ልብሶች መሃል ተዘረጋ፣ ጄኔራሉም አኮረፈ። ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ክፍል አልገባም። ባለፈው ሳምንት ሹፌር የሆነው የሚስቱ ወንድም እራት ላይ እያለ ጄኔራሉ «ልብሶቹ እኮ አየር ያስፈልጋቸዋል» አለ፣ ማንንም ሳያይ፣ ዳቦውን እየቆረሰ። ሹፌሩ እህቱን አየ፣ እህቱ ሰሃኑን አየች፣ ወንድሟም እንግዲያው እኔ ጋ ትምጣ አለ። ክፍሏን ከሳሎኑ የሚለያት አንድ የቺፑድ ግድግዳ ነው፤ ከቺፑዱ ማዶ አክስት ሲያስሉ ተሰማ።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ጄኔራሉ ወርቁን ገና አሁን ነው ያየው፣ እሱም ሻንጣ እየዘጋ ነበር። በሩን አንኳኩቶ ገባ። አክስት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የሻንጣውን ዚፕ በሁለት እጃቸው ይጎትታሉ። ጠቅላላ ሰውነታቸው ከአንዱ ካፖርት አይበልጥም። ሸሚዙን ዘርግቶ ይህን አሰፋፍ የት እንደተማሩት ጠየቃቸው።

«ማን ያስተምረኛል፤ ክር ሲያንስ እጅ ይማራል» አሉት።

የት ነበር ያነሰው ሲላቸው የድልድዩን ከተማ ጠሩለት። ጄኔራሉ ያቺን ከተማ ከራሱ ሰፈር ይልቅ ያውቃታል፤ ካርታዋ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። በጦርነቱ አምስት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ገብታ በመጨረሻ ተቃጥላለች። ሌላ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ግን ዓይኑ ሻንጣው ላይ አረፈ። ሦስት ወር ደህና አደሩ ያላላቸውን ሴትዮ፣ በሚሄዱበት ቀን፣ ስለ ብርጌድ እንዴት ብሎ ይጠይቃቸው? ዚፑን ሳበላቸውና ወጣ። ወጥቶም ሮጠ፤ ደስታና ሐፍረት አንድ ላይ ሲመጡበት ሰው የሚያደርገው ሌላ ነገር የለውም።

ፀጉር ቤቱ ሦስት መንገድ ተሻግሮ ነው። ጄኔራሉ ሸሚዙን እንደ ሰንደቅ ይዞ ሲገባ ፀጉር አስተካካዩ የአንድ ደንበኛ ግማሽ ፊት ላጭቶ ግማሹ በአረፋ እንደተሸፈነ ነው። ሸሚዙን አይቶ ምላጩን አስቀመጠ። ሁለቱ በመስታወቱ መብራት ሥር ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ጥምጥሙን ቆጠሩ፤ ደንበኛውም ነገሩ ስላጓጓው አንገቱን አስግጎ ቆጠረ። ሦስቱም ሰባት አሉ። ጄኔራሉ ማን እንደሰፋው ሲናገር ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ያ ሰላዩ፣ ያ ወር ሙሉ የተኳረፈበት፣ የጄኔራሉ ሚስት አክስት ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ሳቁ የመጣው ከደንበኛው ነው፤ ከዚያ ሦስቱም መቆም አቃታቸው፣ አረፋው መስታወቱ ላይ ተረጨ።

«ታዲያ ሃምሳ አለቃው አሁን የት ናቸው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ እንባውን እየጠረገ።

«ሻንጣቸውን እየዘጉ ነው።»

«ወዴት ሊሄዱ?»

ጄኔራሉ ነገረው። ለምን እንደሚሄዱም ተጠየቀና፣ ልብሶቹ አየር ስለሚያስፈልጋቸው ብሎ መለሰ። እዚያ ሲደርስ ብቻውን ሲስቅ ተገኘ፤ ሁለቱ ሳቃቸውን አቁመው እያዩት ነበር።

«እንደው ልጠይቅህ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ፣ «አሥራ ሁለት ዓመት የፈለግኸውን ሰው ለልብሱ ቦታ ብለህ ነው የምታባርረው?»

ያኔ ነው ኮቱ ሥር ፒጃማ ለብሶ እንደመጣ ጄኔራሉ ያወቀው። ግድ አልሰጠውም። ሸሚዙን ኪሱ ውስጥ ጠቅጥቆ ወደ ቤት ተመለሰ፤ ሽቅቡን በዚያ ጠፍጣፋ እግሩ እየሮጠ፣ እያለከለከ፣ መሃል ላይ እየቆመ ብቻውን እየሳቀ። የሰፈሩ ሰው ከእሱ የባሰ ብዙ ነገር አይቷልና ዝም ብሎ አሳለፈው።

ግን ሹፌሩ ሰዓት የማያከብር ሰው ሆኖ አያውቅም፤ ዛሬ ጭራሽ ቀድሞ መጥቷል። ፒካፑ በር ላይ ቆሞ፣ አልጋው ተጭኖ፣ ፍራሹ ከላዩ ታጥፎ፣ ሁሉም በገመድ ተተብትቦ ነበር። አክስት ጋቢና ውስጥ ተቀምጠዋል፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ወደፊት እያዩ። ጄኔራሉ ዓይኑን በጨው አጥቦ አክስት የትም አይሄዱም አለ። ሹፌሩ ገመዱን ማጥበቁን ትቶ፣ «ጋሼ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» አለው። ክፍሉን እንዳጸዳላቸው፣ ልጆቹን ከሳሎን እንዳስተኛ፣ ሦስት ሰዓት መንገድ ነድቶ እንደመጣ ቆጠረለት። እውነቱን ነው። ባለቤቱ ከቤት ወጣች። ባሏን ከፒጃማው እስከ ጫማው አየችው፤ ጄኔራሉም የሚዋሽ አንደበት ስላልነበረው የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራት፤ አዝራሩን፣ ዘጠኙን ጃኬት፣ የድልድዩን ከተማ።

«ስለዚህ የምትፈልጋት ለአዝራሩ ነው» አለችው። «ለእሷ አይደለም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አንድ ቀን ደህና አደርሽ ብለሃት ታውቃለህ?»

አያውቅም። ዞሮ ወደ ቤት ገባ፤ ባለቤቱ አኩርፎ የገባ መሰላት። ሲወጣ ዘጠኙን ጃኬቶች በሁለት ክንዱ ተሸክሞ ነበር። አጥሩ ላይ አንድ በአንድ ላስቲካቸውን እየገፈፈ ሰቀላቸው። ያየ ሰው ያምናል፤ ሹፌሩም ያምናል፣ ሚስቱም ታምናለች ብሎ ነው። የመጀመሪያውን ጃኬት አዝራር በአጉሊ መነጽር አሳያቸው። ይኸው ሦስት ቀዳዳ ብሎ ጀመረ። አራት ነበር። አራተኛው ቀዳዳ በአዲስ ነጭ ክር ተሰፍቷል። ሁለተኛውን ያዘ፤ አራት። ሦስተኛው፤ አራት። ከወገኑ ወደ ጠላቱ፣ ከጠላቱ ወደ ወገኑ እየዘለለ አጥሩን ጨረሰ። ከዘጠኙ ሰባቱ ተሰፍተዋል። ጄኔራሉ መሬት ላይ ቁጭ አለ። በዓለም ላይ አንድ ማስረጃ ነበረው፤ እሱም በራሱ ክፍል፣ «አይነካም» ከሚለው ጽሑፍ ጀርባ፣ እሱ አኩርፎ ሳለ ተነካ።

የጋቢናው በር ተከፈተ። አክስት ቀስ ብለው ወረዱና ከጃኬቶቹ አጠገብ ቆሙ፤ የአንዱን ኮሌታ አስተካከሉ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲላክ እንደሚደረገው።

«ክር አልነበረም» አሉ። «የመጣው ሁሉ አዝራሩ የወለቀ ነው፣ ብርዱ ደግሞ አይጣል። በሦስቱ እሰፋና፣ አራተኛውን ስትመለስ እጨርስልሃለሁ እለው ነበር። ይስቃሉ። ቆይ እንዳትረሺው ይሉኛል።»

«ለሁለቱም ወገን?» አለ ጄኔራሉ ከመሬቱ ሆኖ።

«ብርድ ነበር አልኩህ።»

ሹፌሩ ገመዱን እንደያዘ ቆሞ ነበር። አባቱ፣ የአክስት ታላቅ ወንድም፣ ወታደር ነበሩ፤ እስኪሞቱ ድረስ እህታቸውን ቤታቸው አላስገቡም። ልጆች ሆነው ለምን ሲሉ፣ ለጠላት የሠራች ናት ይባሉና ወሬው እዚያ ያልቅ ነበር። ምን እንደሠሩ የጠየቀ የለም። ሹፌሩ አሁን አዝራር ያያል፤ አራት ቀዳዳ ያላት፣ ከጥፍር የማትበልጥ። ፊቱን ወደ ፒካፑ አዞረ። እህቱ አየችው።

«እዚህ ቤት በመጣሁ በማግስቱ» አሉ አክስት፣ «ላስቲኩን ገለጥ ባደርግ ተሰልፈው ቆመዋል። የእጄን ሥራ አላጣውም። መመለስ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው አልኩና ቃሌን ሞላሁ። አንተ እኮ አልጠየቅኸኝም።»

ጄኔራሉ አልጠየቀም። ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። ያልተሰፉትን ሁለቱን አሳይቶ እነዚህስ አላቸው። አክስት አንዱን አዞሩለት። ከትከሻው በታች፣ ጀርባው ላይ፣ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ዳርና ዳሯ ጠቁሯል። ሁለተኛውም ጀርባው ላይ እንዲሁ ነው። ጄኔራሉ እነዚህን ቀዳዳዎች በሚሊ ሜትር ለክቶ መዝግቧቸዋል፤ ሰው እንደነበሩ ግን ዛሬ ገና አሰበ።

«እነዚህ አልተመለሱም» አሉ አክስት።

ጄኔራሉ በሕይወቱ ይቅርታ ብዙ ጠይቆ የማያውቅ ሰው ስለሆነ አጠያየቁን አልቻለበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው አለ፣ አየር ያስፈልጋቸዋል ያልኩት እኔ ነኝ አለ፣ በቺፑዱ በኩል ሰምተው ይሆናል አለ። ሰምቼሃለሁ አሉት አክስት፣ ቺፑድ አይደል እንዴ። ከዚያ ባለቤቱ ወደ አክስቷ ዞረች። «አክስቴ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻቸው። ስንት ቤት ሲዞሩ ይህን የጠየቃቸው ሰው እንዳልነበረ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

«የእሱን ሸሚዝ ለምን በሦስት እንደሰፋሁት አይጠይቅም» አሉ በመጨረሻ።

«ክር አንሶዎት አይደለም?» አለ ጄኔራሉ።

«ክርማ ሞልቷል።»

ጄኔራሉ ፒካፑን አየ፣ የታሰረውን ፍራሽ አየ፣ አሮጊቷን አየ። ያኔ እነዚያ ልጆች ነበሩ የሚሄዱት፤ ዛሬ የሚሄዱት እሳቸው ናቸው፣ አራተኛውንም ለመመለሻቸው ትተውታል። አጉሊ መነጽር አላስፈለገውም። ሸሚዙን ከኪሱ አውጥቶ፣ በእጁ አለሳልሶ፣ ለአክስት ዘረጋላቸው።

«ይጨርሱልኝ» አለ።

«ዛሬ?»

«ዛሬ። አሁን።»

አክስት ሸሚዙን ተቀብለው አዝራሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ወደ ፒካፑ ቀና አሉ። መርፌያቸው በቆርቆሮ ውስጥ ነው፣ ቆርቆሮው በሻንጣው ውስጥ፣ ሻንጣው ከአልጋው ሥር፣ አልጋው ከፍራሹ ሥር፣ ፍራሹም ሹፌሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ላብ በላብ ሆኖ ካሰረው ገመድ ሥር ነው። ባለቤቱ «መርፌማ እቤት…» ብላ ስትጀምር ጄኔራሉ በጠፍጣፋ እግሩ እግሯን ረገጣት። አየችው፤ የጠዋቱ ቁጣ ከፊቷ ሲሄድ ይታይ ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

«ጋሼ፣ ለአንዲት መርፌ ይህን ሁሉ ላውርድ?» አለ ሹፌሩ፤ ቢልም ጣቶቹ ቋጠሮውን መፍታት ጀምረው ነበር።

«ሁሉንም» አለ ጄኔራሉ፣ የፍራሹን አንድ ጫፍ ይዞ።

ፍራሹን ሁለቱ ተሸክመው ወደ ክፍሏ ሲያስገቡት በሩ ላይ ያለው ወረቀት ተቀደደ። ውጪ አክስት የፒካፑ ደፍ ላይ ተቀምጠው ሻንጣቸው እስኪወርድ ይጠብቃሉ። ዘጠኙ ጃኬቶችም አጥሩ ላይ ተሰቅለው አየር ያገኙ ነበር።